«ኢነር-ሲቲ» ሲተረጎም «መሀል ከተማ» የማይሆነው ለምንድን ነው?

የአሜሪካ ዜና «ኢነር-ሲቲ ትምህርት ቤቶች» ሲል አማርኛው ብዙ ጊዜ «የመሀል ከተማ ትምህርት ቤቶች» ሆኖ ይወጣል። ቃል በቃል ከታየ የሚነቀፍ አይደለም፤ «ኢነር» የውስጥ፣ «ሲቲ» ከተማ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ ግን የመሀል ከተማ ትምህርት ቤት ሲባል ትዝ የሚለው ሊሴ ገብረ ማርያም ወይም ቅዱስ ዮሴፍ ነው፤ ወላጅ ልጁን ለማስገባት ደጅ የሚጠናበት። የአሜሪካው ጋዜጠኛ ያሰበው በጀት የሚያጥረውን፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች የሆኑበትን፣ ወላጆቻቸው ኑሮ የከበዳቸውን ትምህርት ቤት ነው። ቅጽሏ በትክክል ተተረጎመች፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ተገለበጠ።

ስህተቱ የመዝገበ ቃላት ስህተት ስላልሆነ መዝገበ ቃላት አያርመውም። «ኢነር-ሲቲ» ከላይ ሲታይ የቦታ ቃል ይመስላል፤ ውስጡ ግን የገንዘብ ታሪክ ነው። የባንክ ብድር ከከተማው እምብርት ወደ ዳር በሸሸበት አገር ቅጽሏ ወረደች፤ ገንዘቡ መሀል ላይ በቀረበት ወይም ተመልሶ በመጣበት አገር ከፍ አለች። ስለዚህ ለመተርጎም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ነው?» ሳይሆን «የማን አገር እንግሊዝኛ ነው?» የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዋስዉን ቶሎ እንለፈው። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሲጻፉ ስም ናቸው፣ «ኢነር ሲቲ»። ከሌላ ስም ፊት ሲቆሙ በሰረዝ ተጣብቀው ቅጽል ይሆናሉ፣ «ኢነር-ሲቲ ስኩል»፣ «ኢነር-ሲቲ ዩዝ»። አማርኛ ይህን በ«የ» ስለሚፈታው ሰረዝ አያስፈልገውም። በፊደላችን ሲጻፍ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ኢነር-ሲቲ»፣ «ኢንተር-ሲቲ» እና «ኢንትራ-ሲቲ» በዓይን ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «ኢንተር-ሲቲ» ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው ነው፣ በእኛ አነጋገር የክፍለ ሀገር አውቶቡስ። «ኢንትራ-ሲቲ» እዚያው ከተማ ውስጥ የሚመላለሰው፣ የከተማ አውቶቡስ ነው። ሁለቱም ድሃ፣ ሀብታም የሚል ስሜት የላቸውም። አንድ የትራንስፖርት ዘገባ ውስጥ «ኢነር-ሲቲ ባስ» የሚል ካጋጠመ ጸሐፊው «ኢንትራ» ለማለት ፈልጎ ይሆናልና ከአውዱ ማጣራት ይበጃል።

«ኢነር ሲቲ» ከመቶ ዓመት በፊትም በእንግሊዝኛ ይገኝ ነበር፣ ግን ትርጉሙ ቀጥተኛ ነበር፤ በቅጥር ውስጥ ያለው ከተማ ማለት ነው። ቤጂንግ ለምሳሌ «የውስጥ ከተማ» እና «የውጭ ከተማ» ተብላ በግንብ የተከፈለች ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሚኖረው በውስጠኛው ነው። የቪየና አንደኛ ወረዳ እስከ ዛሬ ስሙ «ኢነረ ሽታት» ነው፣ የእንግሊዝኛው ግልባጭ ማለት ይቻላል። አፄ ፍራንዝ ዮሴፍ በ1857 አጥሩ እንዲፈርስ ካዘዙ በኋላ በቦታው ሪንግሽትራሰ የሚባለው ሰፊ ጎዳና ተሠራ፣ በ1865ም ተመረቀ። ቤተ መንግሥቱ፣ ኦፔራው፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች በዚያው ወረዳና በጎዳናው ዙሪያ ናቸው። አንድ ቪየናዊ «የኢነረ ሽታት ልጅ ነኝ» ቢል ሰሚው የሚያስበው ስለ ኪሱ ውፍረት ነው።

አሜሪካ ላይ ነገሩ የተበላሸበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። በ1925 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኧርነስት በርጀስ ከተማዋን በአምስት ቀለበቶች ከፍሎ ሣላት። እምብርቱ «ሉፕ» የሚባለው የንግድ ማዕከል ነው። ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን ቀለበት «የሽግግር ዞን» አለው፤ ሦስተኛው የሠራተኞች መኖሪያ፣ አራተኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ሰፈር፣ አምስተኛው ከዳር እየተመላለሱ የሚሠሩት የሚኖሩበት። ዛሬ «ኢነር ሲቲ» የሚባለው በዚያ ሥዕል ሁለተኛው ቀለበት ነው፤ ስለዚህ መሀል ያለው ማዕከሉ ራሱ አይደለም፣ ማዕከሉን የከበበው ነው። እዚያ ያሉት ቤቶች የሚያረጁበት ምክንያት ስሌት ነበረው። የንግዱ ማዕከል ሲሰፋ መሬቱ በውድ ይሸጣል ብሎ የሚጠብቅ ባለቤት የሚፈርስ ቤት አያድስም፤ እስከዚያው እየከፋፈለ ለአዲስ መጤ ያከራየዋል። መጤው በመጀመሪያ ከሲሲሊ፣ ከፖላንድ፣ ከሩሲያ የመጣው ነበር። በኋላ ግን ከደቡብ የፈለሱት ጥቁር አሜሪካውያን መጡ፤ ከ1910 አካባቢ እስከ 1970 ባለው ጊዜ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ከደቡብ ወጥቷል።

ጣሊያኑና ፖላንዳዊው ከአንድ ትውልድ በኋላ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው ቀለበት ተሻገረ። ጥቁሩ አልተሻገረም። ለምን እንዳልተሻገረ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ዘረኝነት» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ግን ዘረኝነቱ ቅጽ ነበረው፣ ካርታ ነበረው፣ የወለድ ስሌት ነበረው። እነዚህን ሳያዩ ቅጽሏን መረዳት አይቻልም።

ከ1930ዎቹ በፊት አሜሪካ ውስጥ ቤት መግዛት ከባድ ነበር። ባንኩ የዋጋውን ግማሽ ያህል ቅድሚያ ይጠይቃል፤ ቀሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተጠቃሎ መከፈል አለበት። በ1934 የወጣው ብሔራዊ የቤቶች ሕግ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የሚባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ገንዘብ አያበድርም፤ ተበዳሪው ባይከፍል ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ዋስ ሲገኝ ባንኩ እጁን ፈታ፦ ቅድሚያ ክፍያው ወደ 20 ከዚያም ወደ 10 በመቶ ወረደ፣ የመክፈያው ጊዜ ወደ 20 እና 25 ዓመት ተራዘመ። የ8,000 ዶላር ቤት ለመግዛት 4,000 ዶላር ያስፈልግ የነበረው ሰው 800 ዶላር ይዞ መግባት ቻለ ማለት ነው። ግን ዋስትናው ለሁሉም ሰፈር አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ የገማቾች መመሪያ «የማይጣጣሙ» የዘር ቡድኖች ያሉበትን ወይም ሊገቡበት የሚችሉበትን አካባቢ ነጥብ እንዲቀንሱ ያዝዛል። ነጥብ ካነሰ ዋስትና የለም፤ ዋስትና ከሌለ ባንኩ ወደ ድሮው ይመለሳል ወይም ጭራሽ አያበድርም።

ካርታዎቹን የሠራው ደግሞ በ1933 የተቋቋመ ሌላ የመንግሥት ድርጅት ነው። ከ1935 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር በአራት ደረጃ ቀለም ቀባ፦ አረንጓዴ ምርጥ፣ ሰማያዊ አሁንም ተፈላጊ፣ ቢጫ እያሽቆለቆለ ያለ፣ ቀይ አደገኛ። ገምጋሚው በሚሞላው ቅጽ ላይ ለውጭ ተወላጆች፣ ለጥቁሮች፣ «ሰርጎ እየገባ ላለው» የሕዝብ ክፍል ለብቻው የተተወ መስመር ነበር። ብድር በሰፈር መከልከል «ሬድላይኒንግ» የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ፤ ቀለሙ ብቻውን ሰፈሮቹን አደኸየ ይባላል። የካርታው ባለቤት ድርጅት አብዛኛውን ብድሩን የሰጠው ካርታዎቹ ከመጠናቀቃቸው በፊት ነው። ዘላቂውን ጉዳት ያደረሰው የዋስትና መመሪያው ነው። ካርታው ለዓይን ስለሚመች ግን ክሱን ሁሉ ተሸከመ።

ገንዘቡ የሄደበትን ለማየት ሌቪታውንን መመልከት ይበቃል። ከኒውዮርክ ወጣ ብሎ በ1947 በድንች እርሻ ላይ መገንባት የጀመረ ሰፈር ነው። በ1949 አንድ ቤት 7,990 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ያለ ቅድሚያ፣ በወር 58 ዶላር እየከፈለ ይገባበታል። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ላይ ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው ቤቱን እንዳይጠቀም የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያሉ ውሎችን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙ አይችሉም ብሎ ወስኗል፤ ውሳኔው ግን ሻጩ አልሸጥም እንዳይል አላስገደደም። እንዲያ ያለ አስገዳጅ ሕግ የመጣው ሚያዝያ 1968 ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ።

ቺካጎ ውስጥ የቀረው ጥቁር ቤተሰብ ቤት ሲገዛ የነበረበት ሁኔታ ከዚህ ጎን ይቀመጥ። ባንክ ስለማያበድረው «በኮንትራት» ይገዛል። ደላላው ቤቱን ከሚሸሽ ነጭ ቤተሰብ በርካሽ ገዝቶ፣ ዋጋውን ብዙ ጊዜ እጥፍ አድርጎ፣ በወር በወር ክፍያ ይሸጥለታል። የባለቤትነት ሰነዱ እስከ መጨረሻው ክፍያ በደላላው እጅ ይቆያል። አንድ ወር ከዘገየ ቤቱም እስከዚያ የከፈለውም ይቀራል። ላለመዘግየት አባትም እናትም ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ ክፍሎችን ከፋፍለው ያከራያሉ፣ ጥገናውን ያቆያሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የተጨናነቀና የፈራረሰ ቤት ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ቤት አይዙም» ይላል። በቺካጎ ሎውንዴል ሰፈር ያሉ ገዢዎች በ1968 ማኅበር መሥርተው ክፍያ እስከ ማቆም የታገሉት ይህንን ነው።

በመጨረሻ አውራ ጎዳናው መጣ። የ1956ቱ ሕግ 41,000 ማይል መንገድ ፈቀደ፤ ወጪውን 90 በመቶ የፌዴራል መንግሥቱ ይችላል። የግዛት መንግሥት 10 ሳንቲም አውጥቶ የአንድ ዶላር መንገድ ሲያገኝ መሬቱ ርካሽ በሆነበት፣ ነዋሪው ጮሆ በማይሰማበት ሰፈር ያሳልፈዋል። በሴንት ፖል ሮንዶ፣ በማያሚ ኦቨርታውን፣ በዲትሮይት ብላክ ቦተም በዚህ መንገድ ተቆረጡ። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ በመንገድ የተቆራረጡ ሰፈሮችን መልሶ ለማገናኘት 1 ቢሊዮን ዶላር መመደቡ ጉዳዩ ገና የዛሬ መሆኑን ያሳያል።

ቃሉስ በማን አፍ ገባ? ቅጽሉን በ1950ዎቹ ያስፋፉት ለዘብተኛ የፕሮቴስታንት ቄሶችና የቤተ ክርስቲያን ሠራተኞች ናቸው። ነጭ ምእመኖቻቸው ወደ ዳር ሲፈልሱ የተተዉትን ሰፈሮች እንደ አዲስ የአገልግሎት መስክ ማየት ጀመሩ። በ1948 የተመሠረተው የምሥራቅ ሃርለም የፕሮቴስታንት ደብር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። «ስለም» (ጭርንቁስ ሰፈር) ማለት ነዋሪውን መስደብ ሆነባቸው፤ «ኢነር ሲቲ» ቦታን ብቻ የሚናገር፣ ጨዋ ቃል መሰላቸው። ጨዋነቱ ግን አልቆየም። ነገሩ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ሲለወጥ አዲሱ ስም የድሮውን ቆሻሻ መልሶ ይለብሳል። እኛም «ለማኝ» ከበደን ብለን «የኔ ቢጤ» አልን፣ ቀጥሎ «የጎዳና ተዳዳሪ» መጣ፤ ዛሬ «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚለውን ሰው ሲሰዳደብበት እንሰማለን።

ዲትሮይትና ኒዋርክ በ1967 ክረምት በረብሻ ከተቃጠሉ በኋላ ምክንያቱን እንዲያጣራ በመንግሥት የተቋቋመው የኬርነር ኮሚሽን በ1968 ዘገባውን አወጣ። አገሪቱ ወደ ሁለት ኅብረተሰብ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ተለያይተውና እኩል ሳይሆኑ ወደሚኖሩ ወገኖች እየተከፈለች ነው አለ፤ ነጩ ኅብረተሰብ ከዚህ እጁን ማውጣት እንደማይችልም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ «ኢነር ሲቲ» የሁሉም ሰው ቃል ሆነ፣ ትርጉሙም ከሰፈር ወደ ሰው ተሸጋገረ። «ኢነር-ሲቲ ወጣት» ሲባል የልጁ የቀበሌ አድራሻ እየተነገረ አይደለም። ፖለቲከኛ «ጥቁር» ሳይል ጥቁር ለማለት የሚጠቀምበት ሽፋን ሆነ። በ2014 የምክር ቤት አባሉ ፖል ራያን በሬዲዮ ስለ «ኢነር ሲቲዎቻችን» የሥራ ባህል መውደቅ ሲናገሩ፣ ሌላዋ የምክር ቤት አባል ባርባራ ሊ በስሱ የተሸፈነ የዘር ጥቃት ነው ብለው የመለሱላቸው ለዚህ ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ2016ቱ የመጀመሪያ ክርክር ላይ ስለ ኢነር ሲቲዎች ሲያነሱ አፍሪካ አሜሪካውያንና ሂስፓኒኮች በሲኦል እየኖሩ ነው አሉ። በሁለቱም ንግግሮች ቅጽሏን «የመሀል ከተማ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቁጣው ከየት እንደመጣ ለአንባቢው ማስረዳት አይችልም።

አስቂኙ ነገር፣ ቃሉ የያዘው ሥዕል ከቦታው ከተፋታ ቆይቷል። የ2010ሩ ቆጠራ ሲወጣ በትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞችና አካባቢያቸው ከሚኖሩ ጥቁሮች ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት ከዋናው ከተማ ክልል ውጭ፣ በ«ሰበርብ» ነበር። በከተማ ዳር ያለው ድሃ ቁጥርም በከተማው ውስጥ ካለው በልጧል። በ2014 ፖሊስ አንድ ጥቁር ወጣት ከገደለ በኋላ ዓለም ስሟን የሰማት ፈርጉሰን የሴንት ሉዊስ ሰበርብ ናት። ጋዜጦች ግን ወሬዋን «የኢነር-ሲቲ ችግር» በሚለው ሣጥን ሊከቱት ሲታገሉ ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የእኛ ሰው ይህን ለውጥ ከውስጥ ሆኖ አይቷል። ከተማዋ በ1957 ጥቁሮች አብላጫ የሆኑባት የመጀመሪያዋ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ሆነች፤ በ1970 71 በመቶ ደረሱ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሲገደሉ የ14ኛው ጎዳና፣ የዩ ስትሪት፣ የ7ኛውና የኤች ስትሪት ሱቆች ተቃጠሉ፣ ብዙዎቹ ለሃያ ዓመት ባዶ ቦታ ሆነው ቀሩ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ የመጣው ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና፣ በኋላም በ9ኛውና በዩ ስትሪት ዙሪያ ምግብ ቤት የከፈተው ኪራዩ ስለሚቻል ነው፤ የሚቻልበትም ምክንያት ሰፈሩ «ኢነር-ሲቲ» ስለተባለ ነው። በ2005 ከ9ኛ ጎዳና ከፊሉ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሾው የሚባለው የዚያ ሰፈር ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ቅሬታቸው ሊገባን ይገባል፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። ዛሬ ነባሩም፣ እንጀራ ጋጋሪውም ኪራዩን አልቻሉትም። ብዙው ሐበሻ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጥቷል፣ በ2011 ደግሞ የጥቁሩ ነዋሪ ድርሻ ከግማሽ በታች ወርዷል። ያው ሰፈር በቤት ሻጭ ማስታወቂያ ላይ አሁን «ኢነር-ሲቲ» አይባልም፤ «በከተማው ልብ ውስጥ» ነው የሚባለው።

ብሪታኒያ ቃሉን ተቀብላ የራሷን ሕግ አለበሰችው። ከ1946 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ሰውንና ፋብሪካን እንደ ስቲቨኔጅ ወዳሉ አዳዲስ ከተሞች ሲልክ ቆየ፤ የለንደን ወደቦች ከ1967 እስከ 1981 ተራ በተራ ተዘጉ። በመሀል የቀረው ሥራ የሌለው ሰው ነበር። የ1977ቱ የመንግሥት ሰነድ በስሙ ላይ ቃሉን ይዟል፤ የ1978ቱ ሕግ ስም ደግሞ «ኢነር ኧርባን ኤርያስ» ይላል። በ1981 የለንደኑ ብሪክስተንና የሊቨርፑሉ ቶክስተት በአመፅ ሲነሱ ቃሉ የረብሻ ሽታ ጨመረ። ማርጋሬት ታቸር በ1987 ባሸነፉበት ሌሊት በእነዚያ ኢነር ሲቲዎች ትልቅ ሥራ ይጠብቀናል ብለው፣ በሚቀጥለው ምርጫ እነርሱንም እንፈልጋቸዋለን ሲሉ አከሉበት። በለንደን ግን «ኢነር» ሕጋዊ ወሰንም አለው፦ በ1965 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ አሥራ ሁለት ክፍለ ከተሞች ኢነር ለንደን ናቸው። በእንግሊዝ የመምህር ደመወዝ ዛሬም ለኢነር ለንደን፣ ለአውተር ለንደን፣ ለአዋሳኙና ለተቀረው አገር የተለያየ ነው። ስለዚህ የብሪታኒያ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኢነር ለንደን» ካየን የሚነግረን የደመወዙን እርከን እንጂ ስለ ድህነት አይደለም።

ፓሪስ ገልብጣ ትኖራለች፤ ሀብታሙ መሀል፣ ድሃው ዳር። በ2005 ክሊሺ-ሱ-ቧ ሲነድ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች «ባንልዩ»ን «ሰበርብ» ሲሉ አሜሪካዊው አንባቢ ሣር የታጨደበት ግቢ ሲቃጠል ታየው። «የከተማ ዳርቻ» የሚለው አማርኛ እዚህ ከእንግሊዝኛው ይሻላል።

ወደ ራሳችን ቃላት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። «ከተማ» ጥንት የንጉሥ ሰፈር፣ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ነው። «ሰፈር»ም ከ«ሰፈረ» ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ግቢው ኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱ በዙሪያው እያንዳንዱ ከነሠራዊቱና ከነአሽከሩ ሰፈሩ፤ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የተረፉ ናቸው። የመኳንንቱ አዳራሽና የአሽከሩ ጎጆ አንድ አጥር ይጋሩ ስለነበር ድሃና ሀብታም በቀለበት አልተለዩም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ መሀል ከተማ ቀረ፤ ድሃው ከቴዎድሮስ አደባባይ ጀርባ ኖረ። እንዲህም ሆኖ መሀል ከተማነት ስድብ አልሆነም። እንዲያውም የአሮጌው ገበያ ሰፈር ስም ምስጋና ሆነ፤ «አራዳ» የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ ብልህ፣ ንቁ፣ ነገር የገባው ማለት ሆነ፣ ተቃራኒው «ፋራ»። ያ «የአራዳ ልጅ» ያደገበትን ጭርንቁስ ቤት አንድ አሜሪካዊ ቢያየው ያለማመንታት «ኢነር-ሲቲ ኪድ» ይለው ነበር። ሁለቱ ቅጽሎች አንድ ዓይነት ልጅ ያሳያሉ፤ አንዱ ያሞግሰዋል፣ አንዱ ያዝንለታል ወይም ይፈራዋል። ከ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መፍረስ በኋላ ያ ልጅ ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ሲያድግ ቃሉ ተከትሎት ይሂድ አይሂድ ወደፊት የሚታይ ነው።

እንግዲህ ሲተረጎም ምን ይደረግ? ከቅጽሏ ቀጥሎ ያለውን ስም ማንበብ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። «ስኩል»፣ «ዩዝ»፣ «ክራይም»፣ «ሚኒስትሪ» ከተከተሏት እና ጽሑፉ አሜሪካዊ ከሆነ «ድሃ የከተማ ሰፈሮች» ማለት ይበቃል፤ «በድሃ የከተማ ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች»። ሰፈሩ በስም ከታወቀ ደግሞ ስሙን መጥራት ከሁሉ ይበልጣል፣ «በምዕራብ ባልቲሞር ያሉ ትምህርት ቤቶች»። ፖለቲከኛ ከተናገራት አለማለስለስም አለማካበድም ያስፈልጋል። «ጥቁሮች» ብሎ መተርጎም ያላለውን ማስባል ነው፤ «መሀል ከተማ» ማለት ያለውን መደበቅ ነው። የሚያዋጣው «ኢነር ሲቲ» የሚለውን እንዳለ ትቶ፣ «በአሜሪካ የፖለቲካ ቋንቋ ጥቁሮች የሚበዙባቸው ድሃ ሰፈሮች የሚጠሩበት» የሚል ግማሽ መስመር ማከል ነው። «አፓርትመንት»፣ «ካፌ»፣ «ሊቪንግ» ከተከተላትና ጽሑፉ የአውስትራሊያ ከሆነ «የመሀል ከተማ» ማለት ያለምንም ስጋት ይሄዳል። የብሪዝበን «ኢነር ሲቲ ባይፓስ» መንገድ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አውስትራሊያ ለብቻዋ መታየት ያለባት ነገር ናት። የሜልበርን ካርልተንና ፊትዝሮይ የድሃ ሰፈር ተብለው ቤቶቻቸው ፈርሰው በ1960ዎቹ ባለ ብዙ ፎቅ የመንግሥት የኪራይ ማማዎች ተሠሩባቸው። ከዚያ ገንዘቡ ተመልሶ መጣ። በማማዎቹ ዙሪያ ያሉት ጠባብ የሠራተኛ ቤቶች በሚሊዮን የሚሸጡ ሆኑ፣ «ኢነር-ሲቲ» የሚለውም በፖለቲካ ስድብነቱ ተገለበጠ፤ ዛሬ «የኢነር-ሲቲ ልሂቃን» ሲባሉ የሚወቀሱት ቡናቸውን እየመረጡ የሚጠጡ፣ የገጠሩ ኑሮ የማይገባቸው ባለ ደመወዞች ናቸው። በማማዎቹ ውስጥ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ይኖራሉ። ሐምሌ 2020 በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን ዘጠኝ ማማዎች፣ 3,000 የሚሆኑ ነዋሪዎቻቸው በኮቪድ ምክንያት በድንገት ከቤት እንዳይወጡ ሲታገዱ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ነበር። በመስከረም 2023 የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት 44ቱን ማማዎች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ፣ 10,000 ያህል ሰው በሚኖርበት መሬት ላይ 30,000 ለማስፈር ማቀዱን አስታወቀ። ከአዲሶቹ ቤቶች ከፊሎቹ በገበያ ዋጋ የሚሄዱ ናቸው። በዚያ መሬት ላይ የሚወጣ አንድ እንግሊዝኛ ገጽ «ኢነር-ሲቲ ተከራዮች» ብሎ ሊጀምርና ሦስት አንቀጽ ወርዶ «ኢነር-ሲቲ አፓርትመንቶች» ሊል ይችላል፤ የመጀመሪያዋን «የመንግሥት ቤት ተከራዮች»፣ ሁለተኛዋን «የመሀል ከተማ አፓርትመንቶች» ብሎ ለይቶ መተርጎም የአማርኛው ጸሐፊ ፋንታ ነው።